ሣጥን ቁጥር ዘጠኝ

የምሠራው ሥዕልና የጥበብ ዕቃ የሚያጓጉዝ አነስ ያለ ድርጅት ውስጥ ነው። መጋዘናችን ኬንት በምትባል የከተማው ዳርቻ ነው፤ ቤቴም እዚያው ኬንት፣ ከመጋዘኑ የአሥር ደቂቃ መንገድ። እዚህ ከመግባቴ በፊት ሰባት ዓመት ትልቅ ትራክ ነድቻለሁ። ድንች፣ ጎማ፣ የሕፃን ዳይፐር፣ ያልጫንኩት ነገር የለም። ድንች ቢናጥ ማንም አይጠይቅህም። ሥዕል ስትጭን ግን መንገዱ ላይ ያለች እያንዳንዷ ጉድጓድ ጠላትህ ናት።

ሥራውን ያስገቡኝ አንድ የደሴ ሰው ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ድርጅቱ ውስጥ የረጅም ጊዜ ሠራተኛ ናቸው። ለአለቃችን “ይሄን ልጅ እኔ አውቀዋለሁ፤ ዕቃ አያንገላታም” ብለው አስቀጠሩኝ። ልጅ ያሉኝ እኔ ያን ጊዜ አርባ ስድስተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። እሳቸው ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወራት ቀርቷቸው ነበር።

አንድ ዓርብ ጠዋት ከጋሼ ጋር ወደ ሲታክ፣ አውሮፕላን ጣቢያው አጠገብ ወዳለ የጭነት መጋዘን ሄድን። ከፊንላንድ የመጡ አሥራ ሁለት የእንጨት ሣጥኖች ይጠብቁን ነበር፤ በየሣጥኑ አንድ አንድ ሥዕል። ሠዓሊዋ ዛሬም የምትሥል ሴት ናት፤ መሃል ከተማ ያለ አንድ ሙዚየም ሥራዎቿን ለሕዝብ ሊያሳይ ነው። ሥዕሎቹን ከአገራቸው አጅባ የመጣች ሌላ ፊንላንዳዊትም ነበረች። ሥራዋ ሣጥኖቹ በደህና ወጥተው በደህና መግባታቸውን መከታተል ነው። ቀጭን ናት፣ ጸጉሯ ገብስማ፤ ከሰላምታ ሌላ ብዙ አትናገርም። በረራው እንዳደከማት ዓይኗ ይናገራል።

በየሣጥኑ ጎንና ጀርባ አውራ ጣት የምታህል ተለጣፊ አለች፤ መሃሏ ላይ ነጭ ቱቦ አላት። ሣጥኑ ከወደቀ ወይም በኃይል ከተናጠ ቱቦዋ ቀይ ትሆናለች። አንዴ ከቀላች ተመልሳ አትነጣም። የኔ ፋንታ ከመጫኔ በፊት ሁሉንም አይቼ፣ ነጭ መሆናቸውን አረጋግጬ መፈረም ነው። አሥራ አንዱን ሣጥን ዞሬ አየሁ። ቁጥር ዘጠኝ ግን ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ቆሟል። ከኋላዬ ሌሎች ሾፌሮች ተራ ይጠብቃሉ፤ አንዱማ ሰዓቱን እያየ በረጅሙ ይተነፍሳል። የጎኑን አየሁ፤ ነጭ ነው። የጀርባውም ያው ነው ብዬ ፈረምኩ። ፎርክሊፍቱ አንሥቶ ሲያቀብለንም ጀርባው ወዲያ ስለነበር አላየሁትም።

ፊንላንዳዊቷ ከአንድ የሙዚየሙ ሠራተኛ ጋር በትንሽ መኪና ቀደመች። እኔና ጋሼ ተከተልን። ያካፋል። ፍሪዌዩ ላይ ጥቂት እንደሄድን በሌሎች መኪኖች ተለያየንና መኪናቸው ከዓይናችን ጠፋ። የመሃል ከተማው ፎቆች ብቅ ማለት ሲጀምሩ፣ ከፊታችን ራቅ ብሎ ይሄድ ከነበረ ፒክአፕ ላይ አንድ ትልቅ ፍራሽ ቀና አለ። መጀመሪያ እንደሚከፈት በር ቀስ ብሎ ነው የተነሣው፤ ከዚያ ነፋስ ገባበትና በረረ። ፍራሹ መንገዱ ላይ አረፈ፤ ፊቴ ያለችው ነጭ መኪና ቆመች፤ እኔም ፍሬኑን በሙሉ እግሬ ረገጥኩት።

ትራኩ ቆመ። በኔና በነጯ መኪና መካከል የቀረው አንድ ክንድ አይሞላም። ከኋላችን ግን “ድው” የሚል ድምፅ ሰማሁ።

“ያ አላህ!” አሉ ጋሼ ደረታቸውን ይዘው።

“ሰሙት?” አልኳቸው።

“የሣጥኖቹ ቀበቶ ነው የተሳበው። አብሽር። ንዳ፣ ከኋላ እንዳይገጩን።”

ነዳሁ።

የሙዚየሙ ማራገፊያ ጋ ትራኩን ፓርክ አድርጌ የኋላውን በር ስከፍት፣ ሣጥኖቹ ሁሉ በቀበቷቸው ታስረው በቦታቸው ቆመዋል። ተመስገን አልኩ። አንድ በአንድ አውርደን፣ በጋሪ እየገፋን ወደ ዕቃ ማቆያው ክፍል አስገባን። የመጨረሻው ቁጥር ዘጠኝ ነበር። ጋሼ ጋሪውን ሲያዞሩ የሣጥኑ ጀርባ ወደኔ ዞረ። ቱቦዋ ቀይ ነበረች። ድልህ የመሰለ ቀይ።

ጋሼም አዩ። ተያየን። ፊንላንዳዊቷ በክፍሉ ሌላኛው ጫፍ ወረቀቷን ይዛ ትቆጥራለች። ጋሼ ሣጥኑን ገፉና ጀርባውን ከግድግዳ ጋር አስጠጉት። እሷ መጣች፤ ፊቱን አየች፣ ጎኑን አየች፣ ወረቀቷ ላይ ምልክት አደረገች። ሥዕሎቹ የክፍሉን አየር እስኪለምዱ ሣጥኖቹ እንደማይከፈቱና ሰኞ ጠዋት እንደምንገናኝ ነገረችን። ከዚያ እኔን አየችኝና፦

“መንገድ እንዴት ነበር?” አለችኝ።

“ጥሩ ነበር” አልኳት።

ከአፌ ከወጣ በኋላ ልመልሰው ፈለግሁ። እሷ ግን አመስግና ሄዳለች፤ በሩም ተቆልፏል።

ጋሼን ለጁምዓ ሶላት መስጊድ ላደርሳቸው ይዤያቸው ሄድኩ።

“ጋሼ፣ ልንገራት እንዴ?”

“ምን ብለህ?”

“ፍሬን ይዣለሁ ብዬ።”

“በፍሬንህ ነው የቀላችው ያለህ ማነው? ከፊንላንድ እስከዚህ ስንት እጅ ነክቷታል!”

“ጀርባውን ሳላይ ነው የፈረምኩት፣ ጋሼ።”

መስጊዱ በር ላይ ደርሰን ሊወርዱ ሲሉ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ። “ዝም አይነቅዝም ልጄ። ሰኞ ይከፈታል። ሥዕሉ ደህና ከሆነ ስለ ተለጣፊ ማን ይጠይቃል? አብሽር።”

የደሴ ሰው አብሽር ሲል ሰው ልቡ ይረጋል። የኔ ግን አልረጋም።

ቅዳሜ ቤት ነበርኩ። ስልኬ በጮኸ ቁጥር አለቃዬ እየመሰለኝ እደነግጣለሁ። አንዴ የመኪና ኢንሹራንስ ሊሸጥልኝ የደወለ ሰው፣ ገና ሳይናገር ይቅርታ ልጠይቀው ትንሽ ነው የቀረኝ። በመጨረሻ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጄን ጠራሁና የሠዓሊዋን ሥራዎች ስልኳ ላይ እንድትፈልግልኝ ጠየቅኋት።

“ሲንስ ዌን አርት መውደድ ጀመርክ?” አለችኝ እየሳቀች። ፈልጋ አሳየችኝ። ሥዕሎቹ ሰው የለባቸውም። ሐይቅ፣ መስኮት፣ በረዶ፣ የጎተራ ግድግዳ። ቀለሙ በጣም ወፍራም ነው፤ በማንኪያ የተለቀለቀ ይመስላል።

“እንዲህ ያለ ወፍራም ቀለም ሲናጥ ምን ይሆናል?”

“አይ ዶንት ኖው። ክራክ ያደርጋል፣ ይሰነጠቃል መሰለኝ።” ቀና ብላ አየችኝ። “ዳድ፣ አር ዩ ኦኬ?”

“ኦኬ ነኝ” አልኳት። ይህ ሁለተኛው ውሸቴ ነበር።

ባለቤቴ ሲታክ አንድ ሆቴል ውስጥ የክፍል አጽጂዎች ኃላፊ ናት። ከሥራ ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ ፊቴን አየችና “ምን ሆነሃል?” አለች። ሁሉንም ነገርኳት። ፍራሹን፣ ፊርማውን፣ ቀይዋን ቱቦ፣ “ጥሩ ነበር” ማለቴን። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ።

“ሰኞ ሣጥኑን የሚከፍተው ማነው?”

“የሙዚየሙ ሠራተኞች ናቸው። እኛም እናግዛለን።”

“ሶ፣ ሥዕሉ ተሰብሮ ቢገኝ መጀመሪያ የሚጠየቁት እነሱ ናቸው።”

ይህን አላሰብኩትም ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ያሰብኩት ስለ ራሴ ብቻ ነው።

“እኔ ክፍል ውስጥ የተሰነጠቀ መስታወት ካየሁ ወዲያው ኮል የማደርገው ለምን ይመስልሃል?” አለችኝ። “ከኔ ቀጥላ የምትገባዋ ልጅ እንዳትጠየቅበት ነው።”

“ጋሼስ? እኔ ከተናገርኩ እሳቸውም አይተው ዝም ማለታቸው ይወጣል። ጡረታቸው ደርሷል።”

“እሱን ከሳቸው ጋር ተነጋገር” አለችና ጫማዋን ልታወልቅ ተቀመጠች።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ፓስተሩ ስለ ምን እንደሰበከ ብትጠይቁኝ አላውቅም። መዝሙሩ ሲጀመር ተነሣሁ፣ ሌሎች ሲቀመጡ ተቀመጥኩ፤ ልቤ ግን ከግድግዳው ጋር የተጠጋው ሣጥን ጋ ነበር። ስንወጣ ባለቤቴንና ልጄን መኪና ውስጥ ትቼ፣ ፓርኪንጉ ዳር ቆሜ ለጋሼ ደወልኩ።

“ጋሼ፣ ነገ ልናገር ነው። ስለርስዎ ምንም አልልም። እኔ ብቻዬን ነው ያየሁት እላለሁ።”

“ሣጥኑን ከግድግዳ ያስጠጋው ማነው?” አሉኝ።

“እሱን ማንም አያውቅም።”

“እኔ አውቃለሁ። እስቲ ተወኝ። ነገ መጋዘን ጠብቀኝ፤ አብረን እንሄዳለን።”

ሰኞ ጠዋት ፊንላንዳዊቷ ቀድማን ደርሳ ነበር። ጓንቷን እያጠለቀች ሳለ ሄጄ ፊቷ ቆምኩ። እንግሊዝኛዬ ስፈራ ይጠፋብኛል፤ “ዓርብ መንገድ ጥሩ አልነበረም” ብዬ ጀመርኩ። ፍራሹን ነገርኳት። ቁጥር ዘጠኝ ጀርባው ቀይ መሆኑን ነገርኳት። ሳላይ መፈረሜንም ነገርኳት። ጋሼ አጠገቤ ቆመው “ወደ ግድግዳ ያዞርኩት እኔ ነኝ” አሉ፤ በአጭሩ፣ ስም እንደሚያስመዘግብ ሰው።

እሷ አልጮኸችም። ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር። ከኪሷ ትንሽ ደብተር አውጥታ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የፍራሹን ነገር ጻፈች።

“ዓርብ ለምን አልነገርከኝም?”

“ፈርቼ።”

እሱንም ጻፈችው።

ከዚያ ሣጥኑ ወደ መሃል ወጣና ብሎኖቹ ተፈቱ። ክዳኑ ሲነሣ እኔ ከበሩ አጠገብ ነበርኩ። ስፖንጁ ተነሣ፣ ስሱ ወረቀት ተነሣ፣ ሥዕሉ ታየ። ከላይ እስከ ታች ተሰነጣጥቋል። ነጩና ግራጫው ቀለም በሙሉ በጥቁር ስንጥቅ ተቆራርጧል። ግድግዳውን ተደገፍኩ። ጋሼ በዝግታ “ኢና ሊላሂ” ሲሉ ሰማኋቸው፤ ሰው ሲሞት የሚሉትን።

ፊንላንዳዊቷ ዘወር ብላ አየችን። “ይሄ ስንጥቅ ሥዕሉ ነው” አለች። “የሐይቅ በረዶ በጸደይ ሲሰነጠቅ ነው። እንዲህ ነው የተሣለው።”

ማመን ፈልጌ ማመን አቃተኝ። ሙዚየሙ የተጎዳ ሥዕል የሚያክም ባለሙያ አለው፤ እኔና ጋሼ ዶክተሩ እንለዋለን። ዶክተሩ ትንሽ መብራትና ማጉያ መነጽር ይዞ ጎንበስ አለ። ሥዕሉ ከአገሩ ከመነሣቱ በፊት የተነሡትን ፎቶዎች ዘርግተው፣ የተሣለውን ስንጥቅ ከፎቶው ጋር አንድ በአንድ ማስተያየት ጀመሩ። እኛ ሌሎቹን ሣጥኖች እንፈታለን፤ ጆሮዬ ግን እነሱ ጋ ነው። “ይሄ አለ። ይሄም አለ። ይሄም።” አንዳንዴ ዶክተሩ ዝም ይላል፤ ያን ጊዜ እኔም የያዝኩትን ብሎን መፍታት አቆማለሁ። ጠዋቱ እንዲህ አለቀ።

በስተመጨረሻ “ይሄኛው የለም” አለ።

ግራ ጎኑ ታችኛው ጥግ ላይ፣ ከስንዴ ቅንጣት የማይበልጥ ስንጥቅ። ካላሳዩህ አታየውም። ፎቶው ላይ ግን አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ አለቃችን ቢሮው ጠራን። ጉዳዩ ወደ ኢንሹራንስ ሄዷል፤ ማጣራቱ እስኪያልቅ ድረስ ሥዕል ጭኜ አልነዳም፤ መጋዘን ውስጥ እሠራለሁ። ጋሼን በጽሑፍ አስጠነቀቃቸው። በሥራ ዘመናቸው የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ነበር። ወረቀቱን አራት አጥፈው ኪሳቸው ሲከቱ እጃቸውን እያየሁ “ይቅር ይበሉኝ ጋሼ” አልኳቸው። “ምን አደረግኸኝ? እኔ አይደለሁ እንዴ ዝም በል ያልኩህ?” አሉና ትከሻዬን መታ አድርገውኝ ወጡ።

ረቡዕ ዕለት ዕቃ ስጠቀልል አለቃዬ መጣ። ሠዓሊዋ ለኤግዚቢሽኑ መክፈቻ ከተማ ገብታለች፤ የሆነውን ከሾፌሩ አፍ መስማት ትፈልጋለች አለኝ። በማግሥቱ ባለቤቴ የተኮሰችልኝን ሸሚዝ ለብሼ፣ መኪና ለመንዳት እጄን ስላላመንኩት ከኬንት በባቡር ሄድኩ። ባቡሩ ውስጥ የምለውን በእንግሊዝኛ እያጠናሁ ነበር። ስደርስ አንዲት ቃል አልቀረችኝም።

ሠዓሊዋ ከስድሳ ያለፈች፣ አጠር ያለች ሴት ናት። የዝናብ ጃኬት ለብሳ ሥዕሉ ፊት ቆማለች። ሥዕሎቹን ያጀበችው ሴትና ዶክተሩ አብረዋት ነበሩ። እጇን ዘረጋችልኝ፤ እንደ ግንበኛ እጅ ሻካራ ነው።

“ፍራሹ ላይ ሰው ነበር?” ነው ያለችኝ መጀመሪያ።

“አልነበረም።”

“ሰው ተጎዳ?”

“ማንም አልተጎዳም። ብቻ ቆምን።”

“ባትቆም ኖሮስ?”

“ፊቴ ያለችውን መኪና እመታት ነበር። በኋለኛው መስኮቷ በኩል የሕፃን ወንበር አይቻለሁ።”

ራሷን ነቀነቀች። ጎንበስ ብላ ጥጉን በዶክተሩ መነጽር አየችው፤ ብዙ ቆየች። ዶክተሩ ስንጥቁን ቀለም ሊሞላው እንደሚችል ነገራት። እምቢ አለች። ሣጥኑ ውስጥ ሲመለስ እንዳይሰፋ ብቻ እንዲያጣብቀው፣ ቀለም ግን እንዳይነካው ነገረችው። “ይሰቀል” አለች።

እኔ ተነፈስኩ። እሷ ግን ወደኔ ዞረች፦

“ዓርብ ብትናገር ጥሩ ነበር።”

“አዎ” አልኳት።

ኤግዚቢሽኑ ከተከፈተ በሦስተኛው ሳምንት ባለቤቴንና ልጄን ይዤ ሄድኩ። ከኢንሹራንሱ ገና ምንም አልተሰማም ነበር። በሩን አልፈን እንደገባን እነሱን ትቼ ቀጥታ ወደ ሐይቁ ሥዕል ሄድኩ። ስንጥቁን ፈለግሁት። አጣሁት፤ ደነገጥኩ፤ መልሼ አገኘሁት። ሰፍቶ እንደሆን ለማየት ጠጋ ስል ጥበቃው “እባክዎ አንድ እርምጃ ወደኋላ” አለኝ። ወደኋላ ሄድኩ። ሁለት ሴቶች መጥተው ሥዕሉ ፊት ቆሙ፤ ጥጉ ላይ እንዳያዩብኝ ስጸልይ ራሴን አገኘሁት።

ባለቤቴ መጥታ በእጅጌዬ ጎተተችኝ። “ሌሎቹን አላየህም እኮ።”

“ሁሉንም አውቃቸዋለሁ። ያ ሦስት ቁጥር ነው፤ ከባዱ። ያ ደግሞ አሥራ አንድ።”

“የምታውቀው ሣጥናቸውን ነው” አለችኝና ወደሚቀጥለው ክፍል ወሰደችኝ። ልጄ እዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ስልኳን ኪሷ ከትታ፣ አንድ የጎተራ ግድግዳ ሥዕል ታያለች። አጠገቧ ተቀመጥኩ። አሮጌ ጣውላ፣ ላዩ ላይ የጠዋት ብርሃን፤ ሌላ ምንም የለውም። ጥቂት ጊዜ ከመቀመጤ የተነሣ ይሁን ከድካሜ፣ ጣውላው መሃል ቀይ ያልሆነ፣ ሮዝም ያልሆነ ቀለም እንዳለ አየሁ። ምን ያህል እንደተቀመጥን አላስታውስም። ከዚያ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነዘረና ፈጥኜ አወጣሁት። የልጄ ጥርስ ሐኪም ቀጠሮ ማስታወሻ ነበር።

የኢንሹራንሱ ደብዳቤ የመጣው ከሁለት ወር በኋላ ነው። አንድ ገጽ ነው። ሣጥኑ የትኛው የጉዞ ክፍል ላይ እንደተናጠ ማረጋገጥ አልተቻለም ይላል። ጥፋተኛ አላለኝም፤ ንጹሕ ነህም አላለኝም። አለቃዬ አንብቦልኝ ሲጨርስ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ መንዳት እንደምችል ነገረኝ። ጋሼ ያን ጊዜ ጡረታ ወጥተው ነበር፤ ደውዬ ስነግራቸው ረጅም ዱዓ አደረጉልኝ።

ኤግዚቢሽኑ ሲዘጋ አሥራ ሁለቱ ሣጥኖች ወደ አውሮፕላን ጣቢያው መመለስ ነበረባቸው። አለቃዬ መጥቶ “አንተ ትወስዳቸዋለህ?” አለኝ። እምነቱን ሊያሳየኝ ፈልጎ ነው፤ ገብቶኛል። ለሌላ ሰው ይሰጥልኝ አልኩት። ለባለቤቴ ማታ ስነግራት “አሁንም ትፈራለህ?” አለችኝ። አዎ አልኳት። ሣጥኖቹ በተጫኑበት ጠዋት እኔ ኦቴሎ የሚባል ሰፈር ነበርኩ፤ ቤት የሚለውጡ የአንድ አረጋዊ ሠዓሊን ባዶ ሸራዎች ከሦስተኛ ፎቅ በደረጃ እያወረድኩ። ሽማግሌው ከታች ቆመው “ቀስ፣ ቀስ” ይሉኛል። እኔም ቀስ እላለሁ።